«ጎመን በጤና»፦ የእንቅርት ተጠያቂው ጓሮው ነው ወይስ የጨው ከረጢቱ?

በደጋውና በወይና ደጋው አርሶ አደር ቤት ክረምት የጎመን ወቅት ነው። ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራ እየሳሳ፣ አዲሱ ሰብል ገና ማሳ ላይ ሳለ ምድጃው ላይ የሚጣደው የጎመን ምንቸት ነው። ዓመቱ ሲለወጥ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» መባሉም ከዚሁ የመጣ ነው። ያው ሕዝብ ግን «ጎመን በጤና» ብሎ ይተርታል። ጤና እስካለ ድረስ ጎመንም ይበቃል ማለቱ ነው።

ይህ ብሂል አሁን አሁን ጥያቄ እየተነሣበት ነው። «ጎመን እንቅርት ያመጣል»፣ «የታይሮይድ ሕመም ያለበት ሰው ጎመን አይንካ» የሚል ወሬ በገበያ፣ በጤና ኬላና በእጅ ስልክ ሲዘዋወር ይሰማል። ወሬው እንዲያው በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ብዙ ወረዳዎች የጓሮ አትክልትን ለማስፋፋት የጎመን ዘር ያከፋፍላሉ። በ2007 ዓ.ም ይፋ የሆነውና የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት ያለመው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም የቤተሰብን ማዕድ በአትክልት ማበልጸግን አንዱ መንገዱ አድርጎ ይዟል። ታዲያ በአንድ በኩል ባለሙያው «ጎመን ትከሉ» እያለ፣ በሌላ በኩል ጎረቤት «ጎመን ተዉ» ካለ አርሶ አደሩ ማንን ይስማ? መልሱን ለማግኘት ወሬው ውስጥ ያለውን እውነትና ግነት መለየት ያስፈልጋል።

የወሬው ሥር

ጎመን ላይ የወደቀው ጥርጣሬ መነሻ አለው። እ.ኤ.አ በ1928 በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ለሌላ ምርምር ያስቀመጧቸው ጥንቸሎች አንገታቸው ሥር ማበጥ ጀመረ። ምክንያቱ ሲመረመር ጥንቸሎቹ በአብዛኛው ይመገቡ የነበረው ጥቅል ጎመን ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ በ1949 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች የጎመን ወገን ከሆኑ ተክሎች የእንቅርት ዕጢን ሥራ የሚያውክ ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ።

የጎመን ወገን ሲባል ሰፊ ቤተሰብ ነው። ሐበሻ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመን፣ ጎመን ዘር፣ ሰናፍጭ፣ ፌጦም ሳይቀር ከዚሁ ይመደባሉ። ሁሉም በውስጣቸው ተመሳሳይ የመከላከያ ቅመም ይዘዋል። ሰናፍጭ የሚያዘጋጅ ሰው ይህን በአፍንጫው ያውቀዋል። ደረቁ ዘር እንዲሁ ሲቀመጥ አይሸትም። ተወቅጦ ውሃ ሲነካው ግን አፍንጫን ይመታል። በዘሩ ውስጥ ለየብቻ ተቀምጠው የነበሩት ቅመሙና ቅመሙን የሚሰብረው ኢንዛይም የሚገናኙት ያን ጊዜ ነው። ከዚህ መሰባበር ከሚወጡት ነገሮች አንዳንዶቹ ሰውነት ውስጥ ገብተው አዮዲን ወደ እንቅርት ዕጢ እንዳይገባ ይሻማሉ። ሌሎቹ ደግሞ ዕጢው አዮዲንን ተጠቅሞ ሆርሞን እንዳይሠራ ያደናቅፋሉ።

ስለዚህ ወሬው ከባዶ ሜዳ የተነሣ አይደለም። ጥያቄው ሰው በወጥ መልክ የሚበላው ጎመን ያን ያህል ጉዳት ያደርሳል ወይ የሚለው ነው።

መጠኑና አበሳሰሉ

እ.ኤ.አ በ1986 በእንግሊዝ በተደረገ ሙከራ ሰዎች ለአራት ሳምንታት በየቀኑ 150 ግራም የበሰለ የጎመን ዘመድ እንዲመገቡ ተደረገ። የተመረጠው አትክልት ንጥረ ነገሩን በብዛት የያዘ ዓይነት ነበር። ያም ሆኖ በሙከራው መጨረሻ የሰዎቹ የታይሮይድ ሆርሞን መጠን አልተዛባም። ተመራማሪዎቹ እንደ ምክንያት ያነሡት አበሳሰሉን ነው። ሙቀት ቅመሙን የሚሰብረውን ኢንዛይም ስለሚያጠፋው ጎጂው ነገር በብዛት አይፈጠርም። ተቀቅሎ ውሃው ሲደፋም ከቅመሙ የተወሰነው አብሮ ይሄዳል። በእኛ አገር ወግ ጎመን መጀመሪያ ተቀቅሎ፣ ተጨምቆና ተከትፎ በሽንኩርትና በዘይት ወይም በቅቤ የሚሠራ በመሆኑ ይህ ጥንቃቄ በወጥ ቤታችን አስቀድሞ አለ ማለት ይቻላል።

በተቃራኒው ጎመን በእርግጥ የጎዳው ሰው በሕክምና መዝገብ ላይ አለ። እ.ኤ.አ በ2010 የታተመ አንድ የሕክምና ዘገባ የ88 ዓመት አረጋዊትን ታሪክ ይዟል። ሴትዮዋ የቻይና ጎመንን ሳያበስሉ በቀን ከ1 እስከ 1 ነጥብ 5 ኪሎ ግራም ለወራት ሲመገቡ ቆይተው የእንቅርት ዕጢያቸው ሥራ ክፉኛ በመዳከሙ ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል ገብተዋል። ልብ ሊባል የሚገባው ሦስት ነገር ነው፦ ጥሬ መሆኑ፣ በየቀኑ ከኪሎ በላይ መሆኑና ለወራት መቀጠሉ። አንድ ጭልፋ የጎመን ወጥ ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

በእኛ ጓሮ የሚበቅለው ሐበሻ ጎመንም የራሱ ጠባይ አለው። በውስጡ ጎልቶ የሚገኘው ቅመም ከሰናፍጭ ጋር የሚጋራው የሚቆጠቁጠው ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ በ1949 የተለየውና የዕጢውን ሥራ በብርቱ የሚያውከው ንጥረ ነገር በዋናነት የሚገኘው በሌሎች የጎመን ዘመዶች ውስጥ ነው።

እንቅርት የሚነሣው ከጉድለት ነው

የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ለመሥራት አዮዲን የግድ ያስፈልገዋል። የሚያስፈልገው መጠን እጅግ ትንሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮ ግራም፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት 250 ማይክሮ ግራም ይመክራል። አንድ ሰው 70 ዓመት ቢኖር በዕድሜው ሁሉ የሚያስፈልገው አዮዲን ቢደመር 4 ግራም እንኳ አይሞላም፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ትንሽ ነገር ዛሬ ተበልቶ ለዓመታት የሚከማች ስላልሆነ ዘወትር መገኘት አለበት።

ችግሩ የሚጀምረው ከመሬቱ ነው። የአዮዲን ትልቁ ጎተራ ባሕር ነው። ከባሕር ርቆ በሚገኝ፣ ተዳፋት በበዛበትና ዝናብ አፈሩን ለዘመናት ባጠበው ደጋ መሬት ላይ አዮዲን ተጠርጎ ያልቃል። በዚያ አፈር ላይ የበቀለ ጤፍ፣ ገብስ፣ ባቄላም ሆነ ጎመን አዮዲን ያጥረዋል። በዚያ ሣር የሚመገብ ከብት ወተቱ አዮዲን ያጥረዋል። አርሶ አደሩ የቱንም ያህል ትጉህ ቢሆን አፈሩ የሌለውን ሰብሉ ሊሰጠው አይችልም። ማዳበሪያውም፣ ኮምፖስቱም፣ እርከኑም ለሌላ ጥቅም እንጂ ለዚህ አልተሠሩም።

ዕጢው አዮዲን ሲያጣ ያለችውን ጥቂት ለመያዝ ሲታገል ያድጋል። አንገት ላይ የሚታየው እብጠት፣ እንቅርት የምንለው፣ የዚህ ትግል ምልክት ነው። ከእብጠቱ የሚከፋው ግን ዓይን የማያየው ነው። በእርግዝና ወቅት ከፍተኛ እጥረት ሲኖር ፅንሱ ሊወርድ ወይም ሞቶ ሊወለድ ይችላል። በሕይወት የተወለደውም አእምሮው ሳይጎለብት ሊቀር ይችላል። ቀለል ያለ እጥረት እንኳ የልጁን የመማር አቅም ይቀንሳል። የአዮዲን እጥረት በዓለም ላይ ሊከላከሉት ከሚቻሉ የአእምሮ ጉዳት ምክንያቶች ዋነኞቹ ውስጥ የሚመደበው ለዚህ ነው።

አገራችን ይህን በሚገባ ቀምሳዋለች። እ.ኤ.አ በ2005 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆኑ ልጆች 39 ነጥብ 9 በመቶው እንቅርት ተገኝቶባቸዋል። ከአሥር ልጆች አራቱ ማለት ነው። ጎመን በመላው አገሪቱ ለዘመናት ሲበላ የኖረ ምግብ ነው። በዚያ ዘመን የጎደለው ጨው ውስጥ ሊኖር የሚገባው አዮዲን ነበር።

ጎመን የሚያባብሰው መቼ ነው?

እዚህ ላይ ወሬው የያዘው እውነት ቦታውን ያገኛል። አዮዲን በበቂ በሚገኝበት ቤት ጎመን ዕጢውን አይጎዳም። አዮዲን በጎደለበት ቤት ግን ያለችውን ጥቂት አዮዲን የሚሻማ ምግብ ሲበዛ ጉድለቱ ሊብስ ይችላል።

የዚህን አካሄድ በደንብ ያሳየው ካሳቫ ነው። በሰሜን ምዕራብ ኮንጎ ኡባንጊ በተባለ አካባቢ የአዮዲን እጥረት ባለበት ሕዝብ ላይ በሚገባ ያልተዘጋጀ ካሳቫ በብዛት መመገብ እንቅርትንና የአእምሮ ዝግመትን እንዳባባሰ በጥናት ታይቷል። በካሳቫ ውስጥ ያለው መርዝ በሰውነት ውስጥ ሲለወጥ የሚፈጥረው ነገር ከጎመን ወገን ከሚወጣው አንዱ ነው። ሕዝቡ በቂ አዮዲን ሲያገኝ ግን ዕጢው ያን ሽሚያ መቋቋም ይችላል። ዋናው ምግብ የሆነው ካሳቫ እንዲህ ከሆነ፣ ማባያ የሆነው ጎመን ጉዳቱ ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው።

በእኛ ክልል ልብ ልንለው የሚገባው ወቅት የጾም ጊዜ ነው። በጾም ጎመን ከማዕድ አይጠፋም። በአንጻሩ ወተት፣ ዕንቁላልና ሌሎች መጠነኛ አዮዲን ሊሰጡ የሚችሉ ምግቦች ይቋረጣሉ። በዚህ ጊዜ ለብዙው ቤተሰብ የቀረው የአዮዲን ምንጭ ጨው ብቻ ነው። ስለዚህ በጾም ወራት ሊፈተሽ የሚገባው ጨው ነው።

ጎመንን ከማዕድ ማስወጣት ራሱን የቻለ ኪሳራ አለው። ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ለቫይታሚን ኤ፣ ለፎሊክ አሲድና ለካልሲየም ርካሹ ምንጭ ነው። የቫይታሚን ኤ እጥረት ደግሞ የእንቅርት ዕጢን ሥራ ራሱ ያዳክማል። ለእንቅርት ብሎ ጎመንን የተወ ቤተሰብ ዕጢውን የሚረዳ ምግብ ሊያጣ ይችላል።

የጨው ጉዞ

ኢትዮጵያ ቀደም ሲል አዮዲን የተቀላቀለበት ጨው ከአሰብ ታገኝ ነበር። በ1990 ዓ.ም የድንበር ጦርነቱ ሲነሣ ያ መንገድ ተዘጋ። አገሪቱ ፊቷን በአፋር ክልል ወደሚገኘው አፍዴራ ስታዞር ጨው አልጠፋም፤ የጠፋው አዮዲኑ ነው። እ.ኤ.አ በ2011 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀመው ቤተሰብ 15 በመቶ ብቻ እንደነበር አሳይቷል። በዚያው ዓመት፣ በ2003 ዓ.ም፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ቁጥር 204/2003ን አወጣ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ2016፣ ተመሳሳይ ጥናት ሲደረግ ቁጥሩ 89 በመቶ ደርሶ ተገኘ።

ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ግን አንድ ነገር ይሸፍናል። «አዮዲን አለው» እና «በቂ አዮዲን አለው» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በቤተሰብ ደረጃ ጨው በኪሎ ቢያንስ 15 ሚሊ ግራም አዮዲን እንዲኖረው ይጠበቃል። በዚሁ ወቅት በተካሄደ አገር አቀፍ የንጥረ ምግብ ጥናት ይህን መለኪያ ያሟላው ጨው የተገኘው በሩብ ያህል ቤተሰብ ብቻ ነው። ስሌቱን ቀለል አድርገን እንየው። አንድ ሰው በቀን 5 ግራም ጨው ቢመገብና ጨው በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ብቻ ቢኖረው፣ የሚያገኘው 75 ማይክሮ ግራም ነው። ለአዋቂ ከሚያስፈልገው ግማሹ፣ ለነፍሰ ጡር ከሚያስፈልገው ሲሦ እንኳ የማይሞላ ማለት ነው።

በመንገድ የሚጠፋም አለ። አዮዲን ፀሐይ፣ እርጥበትና የቆይታ ጊዜ ይጎዱታል። ፀሐይ ላይ በሸራ ተዘርግቶ የሚሸጥ፣ እርጥብ መጋዘን ውስጥ የከረመ ጨው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን አዮዲን ይዞ አይቆይም። ቤት ውስጥ ደግሞ ሻካራውን ጨው «ለማንጻት» ማጠብ ልማድ ነው። አዮዲኑ የሚገኘው በጨው እንክብል ላይ በመሆኑ ከእድፉ ጋር አብሮ ይታጠባል። አሞሌ ጨውም ከመነሻው አዮዲን ያልተጨመረበት ነው።

ተቃራኒው ስሕተትም መኖሩን መዘንጋት አይገባም። አዮዲን ያለ ልክ ሲበዛ፣ በተለይ ለረጅም ዘመን እንቅርት በኖረባቸው አረጋውያን ላይ፣ ዕጢው ከሚገባው በላይ እንዲሠራ ሊያደርግ ይችላል። በዚምባብዌ እ.ኤ.አ በ1990ዎቹ አዮዲን ያለው ጨው በተስፋፋበት ወቅት ይህ ታይቷል። በመሆኑም የሚፈለገው በመለኪያ የተቀላቀለና እኩል የተዳረሰ ጨው ነው።

ጥንቃቄው ለከብት ይጠነክራል

ጎመን ለሰው ማባያ ሲሆን ለእንስሳት ግን አንዳንድ ጊዜ ዋና መኖ ይሆናል። ስለዚህ ለሰው የማያሰጋው ነገር ለበግና ለላም ሊያሰጋ ይችላል። በኒውዚላንድና በደቡባዊ አውስትራሊያ በጎቻቸውን በክረምት የጎመን ወገን መኖ ላይ የሚያሰማሩ አርቢዎች ግልገሎች እንቅርት ይዘው፣ ደክመው ሲወለዱና በብርድ ሲሞቱ ያያሉ። መፍትሔ ያደረጉትም ለእርጉዞቹ በጎች አዮዲን መስጠትን ነው።

በእኛ ዘንድ ልብ የሚባለው የጎመን ዘር ፋጉሎ ነው። ዘይቱ ሲወጣ ቅመሙ የሚቀረው ፋጉሎው ውስጥ ነው። ከኑግ ፋጉሎ የሚለየውም በዚህ ነው። እንደ ላምና በግ ያሉ የሚያመሰኩ እንስሳት በመጠኑ ይችሉታል፤ ዶሮ ግን ያን ያህል አትችለውም። ሌላም ነገር አለ። የጎመን ወገን ፋጉሎ የበዛበት መኖ ከላሟ ወደ ወተቱ የሚያልፈውን አዮዲን ይቀንሳል። በሌማት ትሩፋት ወተትን ለማብዛት በሚተጋ ወረዳ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ልጁ የሚጠጣው ወተት ሊትሩ ሲጨምር አዮዲኑ መቀነስ የለበትም። ስለዚህ የጎመን ዘር ፋጉሎን ከኑግ ፋጉሎና ከሌላ መኖ ጋር መቀላቀል፣ ለእርጉዝ እንስሳት ብቻውን አለመስጠትና ከብቱ ከሚልሰው አሞሌ በተጨማሪ አዮዲን ያለው ጨው ማቅረብ ይበጃል።

ከወረዳው ምን ይጠበቃል?

የጉዳዩ አስቸጋሪነት በሦስት ጽሕፈት ቤቶች መካከል መውደቁ ነው። ጎመኑ የግብርና ነው፤ እንቅርቱ የጤና ነው፤ ጨው ደግሞ የንግድ ነው። እያንዳንዱ የራሱን ሲይዝ ጨው ውስጥ አዮዲን መኖሩን የሚጠይቅ ላይኖር ይችላል። ለመጀመር የሚያስፈልገው በጀት ብዙ አይደለም። ጠብታ ሲደረግበት ወደ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ የሚለወጥ ቀላል መፈተሻ አለ። ትክክለኛውን መጠን አይናገርም፤ አዮዲን ጨርሶ የሌለውን ጨው ግን እዚያው ገበያ ላይ ያጋልጣል። በገበያ ቀን ከየጅምላ ነጋዴው አንድ እፍኝ ወስዶ መፈተሽ፣ የተጠረጠረውን ወደ ላቦራቶሪ መላክና ውጤቱን ለሦስቱም ጽሕፈት ቤቶች ማሳወቅ ወረዳው በራሱ አቅም የሚሠራው ነው። የጨው መጋዘን ጣሪያው የማያፈስ፣ ጨው ከወለል ከፍ ብሎ የተቀመጠ መሆኑን ማየትም እንዲሁ።

የልማት ጣቢያ ባለሙያውና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አንድ ዓይነት መልእክት ይዘው ወደ አርሶ አደሩ ቤት መግባት አለባቸው። መልእክቱ አጭር ነው፦

ጎመኑን ትከሉ፤ አብስላችሁ ብሉ። ጥሬውን በብዛት የየዕለት ምግብ አታድርጉት።

ጨው ስትገዙ የታሸገውንና አዮዲን እንዳለው የተጻፈበትን ምረጡ። አትጠቡት፤ ፀሐይ ላይ አታስጡት። ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ከምድጃ አርቃችሁ አስቀምጡት። ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት።

ጨው ማብዛት አዮዲን ለማግኘት መንገድ አይደለም፤ የደም ግፊት ያመጣል። የሚያስፈልገው ያው ጥቂት ጨው አዮዲኑን ይዞ መገኘቱ ነው።

አንገቱ ላይ እብጠት ያየ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የታይሮይድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጤና ተቋም ሄዶ ይጠይቅ። በጎረቤት ምክር መድኃኒት አያቋርጥ፤ ጎመንንም አይፍራ።

አባቶችና እናቶች «ጎመን በጤና» ሲሉ ጎመኑንና ጤናውን አንድ ላይ አስቀምጠዋቸዋል። በደጋው መሬት ላይ ሁለቱን አብሮ የሚያቆየው አዮዲን ያለው ጨው ነው። በሚቀጥለው የገበያ ቀን የወረዳው ባለሙያ ጓሮው ውስጥ ካለው ጎመን በፊት ሸራው ላይ የተዘረጋውን ጨው ቢመለከት፣ ከአሥር ልጆች አራቱ አንገታቸው አብጦ ወደታየበት ዘመን እንዳንመለስ አንድ እርምጃ ተራመድን ማለት ነው።